ሰሚውን አትቀያይሩብን

«የወሎ ሰው ዱአ አለው፣ ቡና አለው፣ ቅሬ አለው። የምክር አገልግሎት የከተማ ቅንጦት ነው።» ሰሞኑን ደሴ ላይ በአንድ ስብሰባ ይህ ሲነገር ሰማሁ፤ ተጨበጨበለትም። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ተናጋሪው የእኛዋ ኩታበር በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያየችውን አጥቶት አይደለም። ጦርነቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ከብቱን ጥሎ ሲሰደድ ሁላችንም ነበርን። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ጨርሶ አልራቀንም። የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት በገባበት አካባቢ ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚገጥመው ይገምታል። አምስት ሰው ማለት በእኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ ነው።

ከዱአው ጋር ጠብ የለኝም። ጎረቤት መጥቶ «አብሽር» ስላለው ብቻ ከወደቀበት የተነሣ ስንት ሰው አለ። ነገር ግን አቦሉ ላይ የተነገረውን በረካው ሳይደርስ ሰፈሩ ይሰማዋል። በባል፣ በአማት፣ በጎረቤት ፊት የማይወጣ ጭንቀት አለ። እሱን የሚቀበል፣ ሚስጥር የሚጠብቅ፣ ሙያውን የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

የማውቃት አንዲት የኩታበር እናት ለረጅም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ኖረች። ሌሊት ልቧ ይመታል፣ በር ሲንኳኳ ብድግ ትላለች። በስንት ጉትጎታ ደሴ ወርዳ፣ ካርድ አውጥታ ባለሙያ ዘንድ ቀረበች። የተቀበለቻት ልጅ በሩን ዘጋች፤ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እማማ፣ ከፈለጉበት ይጀምሩ፤ ጊዜ አለን» አለቻት። እናቲቱ አልቅሳ ወጣች፤ ያን ሌሊትም እንቅልፍ ወሰዳት። በቀጠሮዋ ስትመለስ ልጅቷ የለችም፤ ሥልጠና ሄዳለች። የተካው ወጣት ካርዱን እያገላበጠ «ችግርዎ ምንድን ነው?» ብሎ ከሀ አስጀመራት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ይሰማል። «ደኅና ነኝ ልጄ» ብላ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላስመለሳትም።

አንድ ነጋዴ ደግሞ ምክር ፍለጋ ሄዶ «የአንተ ቤት እኮ አልተቃጠለም፣ ፈጣሪህን አመስግን» ተብሎ ተሸኘ። እንዲህ ያለውን ተግሣጽማ ገበያም ላይ ያገኘዋል።

መምህር የሆነ የዘመዴን ልጅ ግን አገልግሎቱ አዳነው። ወራት ሙሉ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል። «ምን ነገረህ?» ብለው «እሱስ ብዙም አልነገረኝ፤ እኔን ነው ያስነገረኝ» አለኝ። ደረቱን ሲያፍነው እስትንፋሱን ማዘግየት፣ የሚያስጨንቀውን ጽፎ መፍትሔ ያለውንና የሌለውን መለየት፣ ትቶት የነበረውን ኳስ ከተማሪዎቹ ጋር መልሶ መጫወት ተማረ። ዛሬ ክፍል ገብቶ ያስተምራል።

የእናቲቱንና የመምህሩን ዕጣ የለየው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ሰሚ በቦታው መቆየቱ። እዚህ ላይ አንባቢዎቼ የምታውቁት የቆየ ጠቤ ይመጣል፤ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና። ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል። የሠለጠነው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ሁሉ ተስፋ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በስንት ልፋት የተገኘን ባለሙያ እንደ ማኅተም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ማዘዋወር ግፍ ነው።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» ለሚሉኝ መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖና በባለሙያ እየታገዘ የሚሰጠው የምክር ዘዴ በአምስት ሳምንታዊ ቀጠሮ ያልቃል። መምህሩ የተማራቸው ነገሮች እዚያ ውስጥም አሉ። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ የጀመሩት ሥራ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧል፤ አያቶቹ የሰውን ጭንቀት እንደሚያቀሉ በጥናት ተረጋግጧል።

አያቶች ካልን ቅሬአችን፣ ማለትም እድራችን፣ ምን ሆነ? ድንኳን ሲተከል ሁላችንም እንገኛለን። ሰውየው በቁሙ እንቅልፍ ሲያጣ ግን የቅሬው ደብተር ላይ ቦታ የለውም። በየቅሬው የታመነች፣ አፏን የምትጠብቅ እናት አለች። እነዚህን መርጦ ማሠልጠን፣ ሚስጥር እንዳይባክንም የአንዱን ቀበሌ ሰው ለማዶው ቀበሌ መመደብ፣ ለድካማቸውም መክፈል ይቻላል። ከእነሱ አቅም በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይልካሉ።

የቅሬ ዳኞች፣ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሡት። የጤና ኃላፊዎች፣ ለምክር ክፍሉ የሚዘጋ በር ስጡት፤ ባለሙያውንም ከቦታው አታንሡት። አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተከፍታችሁ የተመለሳችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንደገና ሂዱ። የመጀመሪያውን ቀን የሰማችሁን ሰው በስም ጠይቁ፤ «የለም» ካሏችሁ መቼ እንደሚመለስ ሳይነግሯችሁ ከመስኮቱ አትነሡ።