ብርቅ መጽሐፍንና ብርቅ ዜማን ስለ መሰብሰብ

ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለሁሉ ግልጥ ነው። መጽሐፍ የሚሰበስበውን ሰው ግን ምን ትፈልጋለህ ብንለው መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዱ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቃል ይፈልጋል፤ ሌላው መጽሐፉ በመዠመሪያ የታተመበትን ዓመትና የደራሲውን ፊርማ ይፈልጋል። ሁለቱም ሰብሳቢዎች ይባላሉ።

በኤውሮፓና በአሜሪቃ የመዠመሪያ እትም መጻሕፍትን መሰብሰብ የቈየ ልማድ ነው። የመዠመሪያ እትም ማለት አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት መዠመሪያ ሲወጣ ከታተሙት ቅጂዎች አንዱ ነው። ደራሲው በገዛ እጁ የፈረመበት እንደ ሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ የወዳጁን ስም ጽፎ በስጦታ የሰጠው እንደ ሆነ ደግሞ አብልጦ ይጨምራል። ይህን መውደድ ሞኝነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም። መጽሐፉ ይነበብ ወይም ይረሳ እንደ ሆነ ገና ማንም ሳያውቅ፥ ደራሲው እየፈራ ወደ ዓለም የሰደደው ያንኑ ወረቀት ነው። በእኛም አገር ብራና የጻፈ ጸሓፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን አኑሮ በጸሎት አስቡኝ ብሎ ሲለምን፥ ይህን ያየ አንባቢ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ልቡ ይነካል። የፊርማ ክብር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ነገር ግን ፊርማው ከመጽሐፉ የተለየ እንደ ሆነ ክብሩ ወዴት አለ? በዛሬው ዘመን አንዳንድ አሳታሚዎች ገና ያልተጠረዘ ነጠላ ወረቀት በብዙ እየቈጠሩ ለደራሲው ይልካሉ፤ እርሱም ፈርሞ ይመልሳል፤ ወረቀቱም በኋላ ከመጽሐፉ ጋራ ይጠረዛል። እንግዲህ ገዢው የደራሲው እጅ ነካው ብሎ የሚደሰትበትን መጽሐፍ ደራሲው ምናልባት በዓይኑም አላየውም። ከዚህ የሚብስም አለ። በቀድሞ ዘመን በኤውሮፓ ብዙ መጻሕፍት የቅጠላቸው ጠርዝ ሳይቈረጥ ይሸጡ ነበርና፥ አንባቢው በቢላዋ እየከፈተ ያነብ ነበር። ከሰብሳቢዎች ብዙዎቹ ቅጠሉ ሳይከፈት የቀረውን ቅጂ ከተከፈተው ይልቅ ይመርጣሉ። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳላነበበው የተረጋገጠ መጽሐፍ፥ ስለዚሁ ነገር ዋጋው ከፍ አለ ማለት ነው! አሜሪቃዊው ፊትዝጀራልድ በ1925 ያሳተመው «ታላቁ ጋትስቢ» የተባለ መጽሐፍም ሥዕል ካለበት የወረቀት ልባሱ ጋራ ሲገኝ፥ ልባሱ ከሌለው ቅጂ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። (በዚህ ጽሕፈት ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የዚያ ዘመን ገዢዎች ብዙዎቹ ቀድደው የጣሉት ልባስ ዛሬ ከቃሉ በላይ ከበረ።

መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚገዛ ሰው ለአታላይ የተመቸ ነው። በሎንዶን ከተማ ቶማስ ዋይዝ የሚባል፥ በመጻሕፍት ዕውቀት እጅግ የተከበረ ሰብሳቢ ነበር። ኤልሳቤጥ ባሬት ብራውኒንግ የተባለችው ባለቅኔ ስለ ባልዋ ፍቅር የጻፈችው ግጥም ለሕዝብ የወጣው በ1850 ነበር። ዋይዝ ግን በ1847 በሬዲንግ ከተማ ታተመ የሚል ትንሽ መጽሐፍ በስውር አሳትሞ እውነተኛው መዠመሪያ ይህ ነው እያለ አስወራ፤ ሀብታሞችም በውድ ዋጋ ገዙት። እንዲህ ያሉ ሌሎችንም ብዙ አወጣ። በ1934 ጆን ካርተርና ግሬሃም ፖላርድ የሚባሉ ሁለት መጽሐፍ ነጋዴዎች ወረቀቱንና ፊደሉን ቢመረምሩ፥ ወረቀቱ ከእንጨት በመድኀኒት የተሠራ፥ በ1847 ገና ያልነበረ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ የፊደሉም ቅርጽ የኋላ ዘመን ነበረ። ጸሓፊዎቹ በመጽሐፋቸው ዋይዝን አታላይ ብለው በግልጥ ባይጠሩትም አንባቢ ሁሉ ገባው። እርሱም በ1937 ሞተ፤ የሰበሰባቸውም መጻሕፍት ለብሪታንያ ሙዚየም ተሸጡ። በ1959 ደግሞ ሌላ ነገር ታወቀ፤ ይኸውም ዋይዝ የጐደሉትን የራሱን ቅጂዎች ለመሙላት ከዚያው ሙዚየም ከነበሩ የጥንት የቲያትር መጻሕፍት ብዙ ቅጠሎች ተቀድደው መወሰዳቸው ነው። የእርሱ መጽሐፍ ምሉእ ይሆን ዘንድ፥ ማንም ድኻ ተማሪ ገብቶ ሊያነበው የሚችለው መጽሐፍ ጐደለ።

በዜማና በሲኒማም እንዲህ ያለ ትምክሕት አለ። አንዳንድ ሰው አንድን ዜማ የሚወደው ሌላው ስላላወቀው ነው፤ ሌላው ባወቀው ቀን ይተወዋል። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በኤውሮፓና በአሜሪቃ ለረዥም ጊዜ ጥቂቶች ብቻ ያውቁት ነበር፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለ አሜሪቃዊ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ሲኒማው ውስጥ ስላስገባው ግን ብዙ ሕዝብ ሰማው። ሙዚቃው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያው ነው፤ አንዲት ድምፅ አልተለወጠችበትም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ፍቅሩ የቀዘቀዘበት ሰው ቢኖር፥ ድሮም የወደደው ሙዚቃውን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የናቀውን መውደድ ታላቅ አገልግሎት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአሜሪቃ በዊስኮንሲን ግዛት ፓራማውንት የሚባል የሸክላ ፋብሪካ ከ1920ዎቹ ዓመታት ዠምሮ የጥቍር አሜሪቃውያንን ዜማ ያወጣ ነበር። ሸክላው የሚታተምበት ዋናው የብረት ቅርጽ ግን አልተጠበቀም። ስለዚህ በ1934 የሞተውን የቻርሊ ፓተንን ድምፅ ዛሬ የምንሰማው፥ ተራ ሰዎች በየቤታቸው እያሰሙ ካስረጁት ሸክላ ነው። በሜሪላንድ ግዛት በፍሬደሪክ ከተማ የነበረው ጆ ባሳርድ ከወጣትነቱ ዠምሮ በየገጠሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ አሮጌ ሸክላ አላችሁ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። በ2022 ሲሞት ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ሸክላ ነበረው። ይህ ሰው ሀብቱን አልቈለፈበትም፤ የመጣውን እንግዳ አስቀምጦ ያሰማ ነበር፤ በራዲዮም ያሰማ ነበር፤ ለጻፈለትም ሰው በጥቂት ዋጋ በካሴት እየገለበጠ ይልክለት ነበር።

ይህ ነገር ከእኛም ሩቅ አይደለም። ዐምሓ እሸቴ በ1969 በአዲስ አበባ የዘፈን ሸክላ ማውጣት ዠመረ፤ ከ1974 ለውጥ በኋላ ግን አገሩን ለቆ ሄደ፤ ሥራውም ተቋረጠ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ዘፈን «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እንደ ገና ማውጣት ዠመረ። ዛሬም የዚያ ዘመን ሸክላዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በብዙ ገንዘብ ይፈለጋሉ። አባቱ የተወለትን ሸክላ የሚሸጥ ሰው አይነቀፍም፤ ልጆቹ እንጀራ ይፈልጋሉና። ነገር ግን አስቀድሞ ድምፁን ቢያስገለብጥ ምን ይከፋል? ገዢውም ዕቃውን ይወስዳል፤ ዘፈኑም እዚሁ ይቀራል።

ፍሪትዝ ላንግ የተባለው የሲኒማ ሠሪ በ1927 በበርሊን ያሳየው «ሜትሮፖሊስ» የተባለ ሲኒማ፥ ነጋዴዎች ረዝሟል ብለው ስለ ቈረጡት፥ የቀረው ክፍል ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ማኑዌል ፔኛ ሮድሪጌዝ የሚባል የአርጀንቲና ሰብሳቢ ግን ያልተቈረጠውን ቅጂ ከሀብቱ ጋራ አኑሮት ነበርና፥ ከእርሱ የተገለበጠ ቀጭን ፊልም በ2008 በቦኖስ አይረስ ከተማ በሲኒማ ሙዚየም ተገኘ። ከጠፋው ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተመለሰ። ፊልሙ እጅግ የተቧጨረ ስለ ሆነ በዚያ ክፍል ላይ ጭረቱ እንደ ዝናብ ይታያል። በ2010 በበርሊን እንደ ገና በታየ ጊዜ፥ ከአዳራሹ ሌላ በብራንደንቡርግ በር አጠገብ በአደባባይ ስለ ታየ፥ ብዙ ሰዎች በየካቲት ብርድ ውጭ ቆመው ያንን ጭረት እስከ መጨረሻው ተመለከቱ።