ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ

«ጣለውና አዲስ ግዛ።» የሸክላ ማጫወቻው ያልሆነ ድምፅ ማሰማት የጀመረበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ወዳጅም ይለዋል፣ ሻጭም ይለዋል፤ የሚያሳዝነው ጠጋኙም ይለዋል። ይህ ምክር ስንፍና ነው፤ ጉዳቱም ከኪስ አልፎ ሸክላዎቻችን ላይ ይደርሳል።

የአባቴ ማጫወቻ ከዘፈኑ ሥር እምም የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ሲያመጣ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «አርጅቷል፣ ዕቃውም አይገኝም» አለኝ። አመንኩት። የሁለት ወር ደመወዜን አውጥቼ ሌላ ገዛሁ፤ ቤት ወስጄ ስሰካው ያው ድምፅ ጠበቀኝ። ጥፋቱ ከማጫወቻው አልነበረም። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የመሬት ሽቦው (ግራውንድ የሚሉት) የሚታሰርባት ትንሽ ብሎን ዝጋ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ አጠበቅኋት፤ ቤቱ ጸጥ አለ። የአባቴን ማጫወቻ መልሼ ስሰካውም እንደዚያው ጸጥ አለ።

ነገሩ ለሚያውቀው ድንቅ አይደለም። መርፌው ከሸክላው የሚያነሳው የኤሌክትሪክ ምልክት ጥቂት ሺኛ የቮልት ክፋይ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራም ድምፆች ሆን ተብለው ይቀነሳሉ፤ አለዚያ መርፌው የሚሄድበት ቦይ እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል። ሲጫወት ደግሞ አምፕሊፋየሩ የተቀነሰውን ይመልሳል። የመብራታችን ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አምፕሊፋየሩ በዚያ ከፍታ ላይ ያለን ድምፅ ከመካከለኛው ድምፅ ሰባት እጥፍ ያህል አብልጦ ያጎላዋል። አንዲት የላላች ሽቦ የግድግዳውን መብራት ሳሎን ውስጥ የምታዘፍነው ለዚህ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ማጫወቻው ግን አልደበቀም፤ እየጮኸ እየተናገረ ነው። የሚያዳምጠው ጠፋ እንጂ።

መርፌውን ከሸክላው አንሱ። እምም የሚለው ከቀጠለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ መርፌውን የያዘውን ክንድ ብረት በጣት ሲነኩት ድምፁ ከተለወጠ ደግሞ የመሬት ሽቦውን ተከተሉ። መርፌው ሲነሳ ድምፁ ከጠፋ በቆመ ሸክላ ላይ መልሳችሁ አሳርፉትና ሞተሩን አስነሱ። ጉርምርምታው ከሞተሩ ጋር ከመጣ ሰሃኑ የሚዞርበት ዘንግ ዘይት ደርቆበት፣ ወይም ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ደድሮ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በጨመራችሁ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ማጓራት ከሆነ ማጫወቻውና ስፒከሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ይሆናል፤ ለያዩዋቸው። ዘፋኙ የሚዋዥቅ ከመሰላችሁ ሰሃኑን የሚያዞረው ችንጋ ረግቦ ሊሆን ይችላል። ቋ የሚለው ድምፅ በየ1.8 ሴኮንዱ ከተመላለሰ ደግሞ ማጫወቻውን አትውቀሱ፤ ባለ 33 ዙር ሸክላ አንድ ጊዜ የሚዞረው በዚያ ፍጥነት ነውና ጭረቱ ያለው ሸክላው ላይ ነው።

ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «አርጅቷል» ለማለት ግን ሁለት ሴኮንድ ይበቃል፤ ምክሩም የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ደግሞም እርጅና በራሱ ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ችንጋ የለውም፣ ሰሃኑን ሞተሩ በቀጥታ ያዞረዋል። ከዚያ ዘመን የተረፉ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። ኩባንያው በ2010 ምርቱን ቢያቆምም በ2016 መልሶ አመጣው።

መለወጥ የሚገባበት ጊዜ የለም አልልም። የዘንጉ ማረፊያ ተበልቶ ሰሃኑ ከተንገዳገደ፣ ክንዱ መገጣጠሚያው ላይ ከተወዛወዘ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ምትክ ከታጣ ይለወጥ። ጭንቀቴ በምን ይለወጣል የሚለው ነው። አሮጌውን የጣለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ስፒከሩ አብሮት የተሠራውን፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋውን ርካሽ ማጫወቻ ነው። ደህና መርፌ ሸክላውን 2 ግራም ገደማ በሆነ ክብደት ይነካዋል፤ እነዚህ ግን አብዛኞቹ ከዚያ እጥፍ በላይ ይጫኑታል። እምም የሚለውን ድምፅ ሽሽት ሸክላውን የሚያርስ ዕቃ ቤት ይገባል።

የሚታረሰው ሸክላ ደግሞ ምን እንደሆነ እናስብ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን አምሃ እሸቴ ክልከላውን ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ አቋቋመ። ሸክላዎቹ በውጭ አገር ታትመው ይመጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ካሉት ዘፈኖች ከፊሉ ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ ስብስብ በሲዲ ወጣ፤ ሁሉም ግን አልወጣም። አንዳንዱ ዘፈን ያለው በሰው ቤት፣ በሳጥን ውስጥ፣ በዚያች ባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ ብቻ ነው። ያችን ሸክላ ከባድ መርፌ ቢቦረቡራት ከየትም ገዝተን አንተካትም።

ጠጋኞች ሆይ፣ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። የአባቱ ወይም የእናቱ ማጫወቻ ቤቱ ያለ ሰውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መርፌውን አንስቶ ያዳምጥ፤ የመሬት ሽቦዋንም ይፈትሽ።