የትምህርት ቤቱ ሚዛን ለገዢው ይታይ

አንድ ባለሱቅ ሚዛኑን ከባንኮው በታች ሸሽጎ ስኳር ቢመዝን፣ ደንበኛው ዳግመኛ ወደ ደጁ አይመለስም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃና የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት አዝዟል። ይኸው ነጋዴ የአራት ዓመት ልጁን እጅ ይዞ ወደ አንድ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤት በሄደ ጊዜ ግን፣ የክፍያውን ልክ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል እንጂ ልጁ በምን እንደሚመዘን የሚነግረው ሰው አያገኝም። የመመዝገቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቅጽ ይሞላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም «ቦታ ሞልቷል» ተብሎ ይሰናበታል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በግል ገንዘብ ትምህርት ቤት መክፈት የተፈቀደ በመሆኑ በየሰፈሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመዋል። ነገር ግን ወላጅ ሁሉ የሚሻቸው ጥቂቶቹን ነው፤ የነዚህም ክፍል በግድግዳ የተወሰነ ስለሆነ የሚመጣውን ሕፃን ሁሉ መቀበል እንደማይችሉ ማንም አይክድም። ስለዚህ መምረጣቸው ነውር አይደለም። ነገሩ ያለው በአመራረጡ ላይ ነው።

የአመራረጡ መንገድ ብዙ ነው። አስቀድሞ የገባ ወንድም ወይም እኅት ያለው ልጅ ቅድሚያ ያገኛል፤ ይህ ለወላጁም ለትምህርት ቤቱም ይመቻል። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ የሃይማኖት ማኅበር ያቋቋመው ትምህርት ቤት የምእመናኑን ልጆች ቢያስቀድም፣ አስቀድሞ እስከተናገረ ድረስ፣ ከመሥራቾቹ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ነው። ዕጣ የሚያወጣም አለ። ዕጣን ነጋዴ አይወደውም፤ በዕድል የሚተዳደር ሱቅ የለምና። ሆኖም ገና በቅጡ ጫማውን ማሰር ያልቻለን ሕፃን ከሌላው ሕፃን ለመለየት ከዕጣ የበለጠ እውነተኛ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሚያሳስበው ለሕፃናት የሚሰጠው ፈተናና ለወላጆች የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። ሕፃኑ ቀለማትን በእንግሊዝኛ እንዲጠራ፣ ፊደል እንዲለይ፣ ለማያውቀው ሰው ሳይፈራ እንዲመልስ ይጠየቃል። በመርካቶ ከጆንያ መካከል የሚውለው የባለሱቅ ልጅ አማርኛውንም ጉራጊኛውንም ኦሮምኛውንም ሰምቶ ይመልሳል፤ የብር መልስ ሲቆጠር አይቶ መቁጠር ይለምዳል። ይህ ሁሉ ግን በፈተናው ውስጥ የለም። ያለው መጽሐፍ የተደረደረበትና እንግሊዝኛ የሚነገርበት ቤት የሚያወርሰው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ፈተናው የመዘነው ልጁን ሳይሆን ቤቱን ነው፤ አባትየው ሥራው ምን እንደሆነና የት ሰፈር እንደሚኖር መጠየቁም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ቡና ላኪዎች ከዚህ የተሻለ ሥርዐት ያውቃሉ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ናሙናው በምስጢር ቁጥር ይቀርብ ነበር፤ ቀማሹም የባለቡናውን ስም ሳያውቅ ይቀምስ ነበር። ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለቅምሻው እንደሚሰጥም ሻጭና ገዢ ያውቁት ነበር። ለአንድ ከረጢት ቡና የተደረገው ጥንቃቄ ለሕፃን ሲነፈግ ማየት ያሳዝናል።

ከዚህ ሌላ ወላጅን የሚያሳስት ነገር አለ፤ እርሱም በውጤት መመካት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያስፈተኗቸውን በሙሉ ያሳለፉት ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከነዚህም ውስጥ ተማሪ በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩባቸው። የመምህራኑ ድካም አይናቅ። ነገር ግን ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ የገዛ ነጋዴ ጥሩ ቡና ቢያወጣ፣ የመፈልፈያው መኪና ብልጫ ነው ብሎ የሚያምነው የለም። ትምህርት ቤቱ በልጁ ላይ ምን ጨመረ? ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው። በአሜሪካ፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ፣ በፈተና ስለሚመርጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የታተመ ጥናት የመግቢያውን ነጥብ ለጥቂት አልፈው የገቡትን ለጥቂት ከቀሩት ጋር አስተያይቶ፣ በኋላ ባገኙት ውጤት እምብዛም ልዩነት አላየም።

ባለትምህርት ቤቶች የሚሰጡት መልስ አለ። ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት የሚመጣ ልጅ ማንበብ የማይችል ቢሆን እርሱም ይቸገራል፤ ክፍሉም ወደ ኋላ ይቀራል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ለትልልቆቹ ክፍሎች ፈተና መስጠት፣ የማለፊያው ነጥብ አስቀድሞ እስከታወቀ ድረስ፣ ተገቢ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት ግን ይህ ምክንያት አይሠራም፤ ማንበብ የሚማርበት ቦታ ራሱ ያ ነውና።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ይዘውታል። ሕንድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ባወጣችው የትምህርት መብት ሕግ ሕፃንን ለመቀበል ልጁን ወይም ወላጁን መፈተንን ከልክላ፣ ለመጀመሪያው ጥፋት እስከ 25,000 ሩፒ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እስከ 50,000 ሩፒ መቀጫ ወስናለች፤ ዕጣን ግን ከክልከላው ውጭ አድርጋዋለች። ቺሌም በ2015 ባወጣችው ሕግ መንግሥት ድጎማ የሚሰጣቸው የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪ መምረጣቸውን እንዲተዉ አድርጋ፣ በተከታዩ ዓመት ከደቡባዊው የማጋያነስ ግዛት ጀምራ፣ ቦታ ሲያንስ በዕጣ የሚደለድል ሥርዐት ዘርግታለች።

በኢትዮጵያ ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከነጋዴው ማኅበረሰብ መካከል ትምህርት ቤት ያቋቋሙ አሉ፤ በወላጆች ኮሚቴ የሚቀመጡ ደግሞ ከነርሱ ይበዛሉ። እነዚህ ወገኖች የምዝገባው ወራት ከመድረሱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ይችላሉ። በዚያ ላይ በዚህ ዓመት ስንት ክፍት ቦታ እንዳለ፣ ከዚያም ለወንድምና እኅት፣ ለሠራተኛ ልጆችና ለማኅበሩ አባላት ስንቱ እንደተያዘ፣ የቀረው በዕጣ ይሁን በሌላ መንገድ እንደሚሰጥና ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ይጻፍ። ዕጣውም በወላጆች ፊት ይውጣ። ቦታ ያላገኘው ልጅ የመመዝገቢያ ገንዘብም ደረሰኙን ላቀረበ ወላጅ በዚያው ሳምንት ይመለስ።