የደከመ ልብና ዕረፍት የሌለው ነርቭ

የደም ግፊትን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚቆጣጠረው ነርቭ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ በሚወጡት ደም ቅዳዎችና ከልብ በሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ መለጠጥን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። በሾላ ገበያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ስትመዝን የቆየች ነጋዴ ብድግ ስትል ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ታችኛው አካሏ ይወርዳል። ጫፎቹ ይህን ለአንጎል ግንድ ያስታውቃሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ትእዛዝ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ትናንሽ ደም ቅዳዎችን ያጠብባል። ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይስተካከላል፤ እሷም አይታወቃትም።

በልብ ድካም ጊዜ ይኸው መከላከያ ጠንቅ ይሆናል። ልብ የሚረጨው ደም ሲያንስ ሰውነት ደም የፈሰሰው ያህል ይቆጥረዋል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው አነቃቂ ነርቭ ለወራት አይበርድም፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ እግር ያብጣል፣ የደከመው ልብም ከጠበቡ ቧንቧዎች ጋር ይታገላል።

ይህን ሥርዓት በሒሳብ የገለጹ ተመራማሪዎች አሉ፤ አርተር ጋይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 መላውን የደም ዝውውር በቀመር አሳዩ፤ ማውሮ ኡርሲኖ ደግሞ በ1998 የአንገቱን ነርቭ ሥራ በሞዴል አቀረበ። በእንዲህ ያለው ሞዴል የግፊትና የነርቭ ምላሽ ዝምድና እንደ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘ መስመር ነው። ምትን የሚያዘገየው ቬገስ ነርቭ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲመልስ፣ ሲምፓቴቲክ ጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል። በልብ ድካም የመስመሩ ቁልቁለት ይለዝባል፤ ግፊት ቢለዋወጥም ነርቩ በቅጡ አይመልስም። ደካማ ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚጠቅመውም ያንን የማያባራ ትእዛዝ ስለሚያለዝብ ነው፤ ቤታ ብሎከር የሚባለው ይህ መድኃኒት በስዊድን ጎተንበርግ ለዚህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሞከር ግን ከተለመደው ትምህርት ጋር የሚጋጭ ነበር።

ለኢትዮጵያ የሚሆን ሞዴል ሁለት ነገር መጨመር አለበት። አንደኛው ቫልቭ ነው። እዚህ ወጣቶችን ለልብ ድካም ከሚዳርጉት ዋነኛው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በግራው የልብ ክፍል መግቢያ ያለው ሚትራል ቫልቭ የጠበበበት ሰው የእንጦጦን አቀበት ሲወጣ ነርቩ ምቱን ያፈጥናል፤ የልብ መሙያ ጊዜ ያጥራል፣ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አየር ሲሳሳ የአንገት ኦክስጅን መለኪያዎች ሲምፓቴቲክን ይቀሰቅሳሉ፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሰውነት ከፍታን የሚላመድበት መንገድም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ካለው ብዙም እንደማይለይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ የአንዲስ ደገኞች ግን ከፍ ያለ አላቸው። ስለዚህ የሞዴሉ ቀመር ከውጭ ቢመጣም ቁጥሮቹ እዚሁ መለካት አለባቸው።