የድንገተኛ ክፍል በርና የነባር ነርስ ዳኝነት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ድንገተኛ ሕክምናቸው ዛሬም የሚመራው በአውራ ጎዳናዎቹ ነው። በጠና የተጎዳ ሰው ከሰበታ በጅማ መንገድ አየር ጤናን አልፎ ወደ አለርት፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕክምና ኮሌጅ፣ ወይም በኮሌጁ ሥር ወደሚተዳደረው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል ወደ አቤት ይላካል። ስለዚህም በእነዚህ ከተሞች ድንገተኛ ክፍል ዓመታትን ያሳለፈች ነርስ ዋና ሥራዋ መፍረድ ነው፤ ማን እዚሁ እንደሚታከም፣ ማን ሳይውል ሳያድር መላክ እንዳለበት፣ የሚላከውም ምን ቢደረግለት መንገዱን እንደሚችል የምትወስነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህ ፍርድ በሙያው ልየታ፣ በሠራተኞቹ የዕለት ንግግር ትሪያጅ ይባላል። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የሚሠራበት መለኪያ፣ አተነፋፈስን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ንቃትንና የመንቀሳቀስ ችሎታን በነጥብ አስልቶ ለታካሚው ቀለም ይሰጣል፤ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። እንደ ወፍጮ ቤት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል ብሎ ለሚያስብ አስታማሚ ይህ አድልዎ ይመስላል፤ ልጁ እያቃሰተ ኋላ የገባው ሲቀድም የሚቆጣ አባትም የሚፈረድበት አይደለም። ይሁን እንጂ ነባሯ ሲስተር ዓይኗን ዝም ባለው ላይ የምትጥለው፣ የሚጮኽ ሰው ቢያንስ እንደሚተነፍስ ስለምታውቅ ነው፤ አስም አስጨንቆት ቆይቶ ድንገት ጸጥ ያለ ሰው፣ ጸጥታው የድካም መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ነጥብ ብቻውን የማይበቃበትን ሁኔታ ለማየት ሱሉልታ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ከፍታ ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ቤተሰብ አይጠፋም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ኦክስጅን ሊሸከም የሚገባውን የደም ክፍል ቀድሞ ይይዛል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ስለማያውቅ ለተመረዘው ሰው የጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። እናትና ልጆቿ ጠዋት ራሳቸውን አሟቸውና አቅለሽልሿቸው ሲመጡ፣ መሣሪያውን ያመነ አረንጓዴ ብሎ ያስቀምጣቸዋል፤ ልምድ ያላት «ማታ ከሰል አስገብታችሁ ነበር?» ብላ ጠይቃ ኦክስጅን ታስጀምራለች። የልየታ መለኪያውም ራሱ ነባር ባለሙያ በዳኝነቱ ቀለሙን እንዲቀይር ፈቅዷል፤ ከመመሪያው ሁሉ ብልህ የሆነው አንቀጽ ምናልባት ይህ ነው።

ታዲያ በብዙ ቦታ የልየታ ጠረጴዛ የሚሰጠው ለአዲስ ገቢ መሆኑ አስገራሚ ነው። ልምድ ያካበተችው ወይ ኃላፊ ሆና ቢሮ ትገባለች፣ ወይ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ አዲስ አበባ ወዳለ የግል ሆስፒታል ትሻገራለች፤ ከአልጋ አጠገብ ሳትርቅ የምታድግበት መንገድ ጠባብ ነውና ልትወቀስ አይገባም። ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት ክብረት አበበ፣ ቤታቸውን ሸጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋሙት ሕሙማን ሆስፒታል የሚደርሱበትን አኳኋን ለዓመታት ስላዩ ነው። ድርጊቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የነርስን ዕውቀት ወደ መንገድ ለማውጣት የነርስ ቤት መሸጥ ነበረበት ወይ ያሰኛል።

ሕጉ በበኩሉ ነርስን በስም ጠርቶ ያስገድዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 በብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታ የሚነፍግን ባለሙያ ይቀጣል። ግዴታው እንዲህ ከከበደ ሥልጣኑም ሊመጥነው ይገባል። በተለይ ሌሊት፣ በሦስቱ ከተሞች በሩ ላይ መቀመጥ ያለባት ከሁሉ ነባሯ ናት፤ በእጇም ስልክና ተቀባዩን ሆስፒታል የማነጋገር ሙሉ ሥልጣን ሊኖራት ይገባል፤ የሪፈር ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት የተላከ ሕመምተኛ «አልጋ የለም» የሚለውን ቃል ሊሰማ የሚገባው እንጦጦን ከተሻገረ በኋላ አይደለምና።