ታላሴሚያን በሽፈራው ዱቄት?

ታላሴሚያን እንደ ተራ የደም ማነስ ቆጥሮ፣ ከመርካቶ የሽፈራው ዱቄት ገዝቶ ከአይረን (የብረት ክኒን) እና ከቫይታሚን ሲ ጋር መውሰድ ይበቃል የሚለው ጽሑፍ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ጸሐፊው አንድ እውነት ይዟል፦ በሕሙማኑ ዘንድ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ሕዋስን የሚጎዳ ኬሚካላዊ ጫና) ከፍተኛ ነው፤ እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉ አንቲኦክሲዳንቶችም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላሉ። የዚህን መንስኤ ግን ስቶታል።

በሽታው በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ጉድለት ነው። በቤታ ታላሴሚያ ጥንድ ያጡ የአልፋ ሰንሰለቶች ቀይ የደም ሕዋሱን ከውስጥ ያፈርሱታል። ሕመምተኛው ደም ሲወስድም እያንዳንዱ ከረጢት ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ያስገባል፤ ሰውነት ትርፉን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። ጉበትንና ልብን የሚጎዳው ይኸው ትርፍ ነው። በዚህ ላይ አይረን መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ቫይታሚን ሲም የተከማቸውን ብረት ስለሚያንቀሳቅስ፣ ብረት አስወጋጅ መድኃኒት ሳይጀመር በብዛት ከተወሰደ ለልብ አደገኛ ነው።

ስለዚህ የደም ማነስ ያለበት ሰው አይረን ከመግዛቱ በፊት ፌሪቲኑን (የሰውነት የብረት ክምችት ጠቋሚውን) ያስለካ፤ ጥርጣሬ ካለም የሄሞግሎቢን ዓይነት ምርመራ ይደረግለት። የመርካቶ ነጋዴ የሸጠው ምግብ ነው፤ የታላሴሚያ መድኃኒት ያደረገው ጸሐፊው ነው። ማረምም የእርሱ ግዴታ ነው።