የንግሥት ኬቴቫን ሞት በከንቱ ነበርን?

ስለ ጆርጂያ ነገሥታት የሚናገሩ አንዳንድ ሰዎች፥ ንግሥት ኬቴቫንና ንጉሥ ሉዋርሳብ በፋርስ እጅ መሞታቸው ለአገራቸው ምንም አልጠቀመም፤ ብልኅስ ለሻሁ ዐጐንብሶ አገሩን ያቈየው ንጉሥ ሮስቶም ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ብልኅነት ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ፍሬውን አመስግኖ ሥሩን የሚነቅፍ ኾኖ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1605 ዓመት፥ በፋርስ ቤተ መንግሥት አድጎ የሰለመው መስፍን ቆስጠንጢኖስ ከፋርስ ጦር ጋራ መጥቶ አባቱን የካሄቲን ንጉሥ እስክንድርን ገደለ። ያን ጊዜ የወንድሙ የዳዊት ሚስት የነበረች ባልቴቲቱ ኬቴቫን መኳንንቱን አስነሥታ አባቱን የገደለውን መስፍን ድል አደረገች፤ መንግሥቱም ለልጇ ለተይሙራዝ ኾነ። በ1614 ዓመት ሻህ አባስ በካሄቲ ላይ ሲነሣ፥ ተይሙራዝ እናቱንና ኹለት ልጆቹን መያዣ አድርጎ ሰደደለት። ሻሁ ግን መያዣውን ተቀብሎ ጦርነቱን አልተወም፤ ካሄቲን አጠፋ፤ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ወደ ፋርስ አፈለሰ፤ ብላቴኖቹንም ሰለባቸው። የካርትሊው ንጉሥ ሉዋርሳብ ሃይማኖቱን አልለውጥም ስላለ በ1622 ዓመት በእስር ቤት ታንቆ ሞተ። ኬቴቫንም ዐሥር ዓመት ያህል በሺራዝ ከተጋዘች በኋላ፥ ካጂ ወይም ሙቺ ተባለች፤ እንቢ ብላ በ1624 ዓመት በጋለ ብረት ተሠቃይታ ዐረፈች።

እንግዲህ የሮስቶም ወዳጆች የሚሉት ይሰማ። ሮስቶም በፋርስ ያደገ እስላም ሲኾን በ1633 ዓመት ገደማ በካርትሊ ነገሠ፤ አገሩም ዕረፍት አገኘ፤ ንግሥቲቱ ማርያምም አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሰች። ይህ እውነት ነው፤ መካድም አይገባም።

ነገር ግን ሕዝብን ከነሥሩ ነቅሎ ሊያጠፋ የተነሣው የፋርስ መንግሥት፥ ለካርትሊ መኳንንቷንና ቤተ ክርስቲያኗን ሊተውላት የተስማማው ስለ ምን ነው? ከቸርነት የተነሣ ነውን? አይደለም። በ1625 ዓመት፥ አስቀድሞ የሻሁ አገልጋይ የነበረው ጊዮርጊ ሳካድዜ በማርትቆፒ የፋርስን ጦር ደመሰሰ፤ ስለዚህም በሻሁ ዘንድ መያዣ የነበረ ልጁ ፓታ ተገደለ። በዚያው ዓመት በማራብዳ ጆርጂያውያን ድል ቢኾኑም፥ ፋርሶች ድሉን ያገኙት በብዙ ደም ነው። ይህን ሕዝብ በሰይፍ ብቻ መግዛት እንዳይቻል ቤተ መንግሥቱ የተማረው ከዚህ ነው። ሮስቶም ያተረፈውን ሰላም ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉት እንቢ ያሉት ናቸው። እንቢ የሚል ባይኖር ኖሮ፥ ለሚያጐነብሰው ማን ዋጋ ይሰጠው ነበር?

ደግሞም የሮስቶም ሰላም ዕዳ ነበረበት። የካርትሊ ዙፋን ከዚያ ወዲህ የክሕደት ደመወዝ ኾነ። ሕግ ያዘጋጀውና በትብሊሲ ማተሚያ ቤት ያቆመው ዐዋቂው ቫኽታንግ 6ኛ እንኳ፥ በፋርስ ተይዞ ቈይቶ፥ በ1716 ዓመት ለዙፋኑ ሲል ሃይማኖቱን ለመለወጥ ተገደደ። ዕለቱን ያስቀረው ውል የልጅ ልጅን አሰረ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ በሮስቶም ላይ መፍረድ አያስፈልግም፤ የተሰበረ ቤት የሚጠግንም ያስፈልጋልና። ነገር ግን ጠጋኙን አመስግኖ፥ ቤቱ ፈጽሞ እንዳይፈርስ በደሙ የደገፈውን ሞኝ ማለት ፍርድ ማጣመም ነው። የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት ከኬቴቫን ዐፅም ከፍለው ወደ ሕንድ አገር ወደ ጎዋ ወሰዱት፤ በ2021 ዓመትም የሕንድ መንግሥት ለጆርጂያ አስረከበ። ወደ ፋርስ የፈለሱት ሰዎች የልጅ ልጆችም በፈሬይዱንሻህር እስከ ዛሬ በጆርጂያ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ሻህ አባስ ሊያጠፋው የፈለገው ኹሉ አልጠፋም፤ ከንቱ የኾነው የማን ሥራ እንደ ኾነ ከዚህ ይታወቃል።